የእህትና የወንድም ሳል

ሰፈሩ ሁሉ «ባቡር» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ናቸው፤ ከአፉ ጭስ ጠፍቶ ስለማያውቅ። ልብስ ሰፊ ነበር። የስፌት መኪናውን በፊተኛው ክፍል መስኮት ሥር አስቀምጦ፣ ሲጋራውን በከንፈሩ ጥግ እንደሰካ፣ አንድ ዓይኑን ከጭሱ ጨፍኖ በሌላው ብቻ እያየ መርፌው ላይ ክር ያስገባ ነበር። ደንበኞቹ ያሰፉትን ልብስ ሊወስዱ ሲመጡ መጀመሪያ ያሸቱታል።

«ምነው ባቡር፣ ሱሪዬ እዚህ የከረመው ሊጠብ ነው ወይስ ካንተ ጋር ሊያጨስ?» ይሉታል።

እሱም ይስቃል። ሳቁ መሐል መንገድ ላይ ወደ ሳል ይለወጥበትና ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። ሲያልፍለት ሌላ ይለኩሳል።

ታላቅ እህቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበረች። እሱ «እትዬ» ስለሚላት ሰፈሩም ዳቦ ቤቱም እትዬ ነው የሚላት። እናትና አባታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። በኋላም ሚስቱ በወሊድ ስትሞትበት ሕፃኗን ከአዋላጇ እጅ የተቀበለችው እሷው ነበረች። ባል አላገባችም። ለምን ብሎ የሚደፍራት ሰው ሲገኝ፣ «ሁለት ልጆች እያሳደግኩ በየት በኩል?» ትላለች። ከሁለቱ ልጆች አንደኛው ወንድሟ መሆኑ ነው።

ቤታቸው ከአውራ ጎዳናው ጠርዝ ላይ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ከባድ መኪናዎች ሞተራቸውን ሳያጠፉ እዚያው ደጃፍ ተሰልፈው የጭነት ተራ ይጠብቃሉ። የናፍጣው ጥላሸት መስኮቱ ላይ እየተጋገረ ስላስቸገራቸው መስኮቱን መክፈት ከተዉ ቆይተዋል። ስለዚህ የባቡር ጭስ መውጫ አጥቶ ጣራው ሥር እንደ ደመና ተንጠልጥሎ ይውላል። እትዬ ከሥራ ስትመለስ ደፉ ላይ ትቆምና በሻሿ እያራገበች፣

«ኧረ በሩን እንኳ ክፈተው አንተ ሰው! ልጅቷን አጠንካት እኮ!» ትላለች።

«እሺ እትዬ» ይላል። እሺታው ከአፉ ይወጣል እንጂ እጁ ድረስ አይደርስም ነበር።

እሷም ብትሆን ከጭስ ወጥታ ነው ወደ ጭስ የምትገባው። የዳቦ ቤቱ ምድጃ በእንጨት የሚነድ፣ አንድ ክፍል የሚያህል የጡብ ምድጃ ነው። ከዓመታት በፊት የዳቦ ቤቱ ጣራ ሲታደስ የጭስ ማውጫው አናት ተቆርጦ በቆርቆሮ ተከደነ። «ለጊዜው ነው» ተባለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከጭሱ ግማሹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግማሹ ተመልሶ ጋጋሪዎቹ ላይ ይወርዳል። ሴቶቹ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው፣ ዓይናቸው ቀልቶ፣ በረጅሙ የእንጨት አካፋ ዳቦ ሲከቱና ሲያወጡ ይውላሉ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ያስላሉ። «የጋጋሪ ሳል ነው» ይባባላሉ። እንደ ሥራ ልብስ ነበር የሚያዩት፤ እዚያ የገባ ሁሉ የሚለብሰው።

አንድ ቀን ባቡር ለአንድ ሙሽራ ኮት እየለካ ሳለ ሳሉ ተነሣበት። የዚያን ቀኑ ግን አላልፍ አለው። ሙሽራው ትከሻ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ሚጡ፣ ልጁ፣ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ውኃ አጠጣችው። ትምህርቷን ልትጨርስ የተቃረበች ልጃገረድ ናት፤ ሚጡ የሚለው የሕፃንነት ስሟ ግን አልለቀቃትም። አባቷ በምልክት «ለእትዬ እንዳትነግሪያት» አላት። ሚጡ ግን እትዬ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ነገረቻት።

«ነገ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ» አለችው እትዬ።

«ነገ አይሆንም፣ የሙሽራው ኮት አለብኝ።»

«ሙሽራው ኮት ባይደርስለት ራቁቱን አይሄድም። ከጓደኛው ይዋሳል።»

«ጉንፋን ነው እኮ እትዬ።»

«ጉንፋን ፀጉር እስኪሸብት አይቆይም።»

ሚጡ ሳቋ አመለጣት። «አባዬ፣ ባትለፋ ይሻልሃል። እምቢ ካልክ ተሸክማህ ነው የምትሄደው።»

ባቡር ሜትሩን መጠቅለል ጀመረ። ነገሩ የኮት ጉዳይ አልነበረም። ፈርቶ ነበር። የሳንባ ካንሰር የሚባለውን ነገር ያውቀዋል፤ አብሮት ያጨስ የነበረ አንድ ጫማ ሠሪ ወዳጁ በእሱ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ በሳለ ቁጥር የሱም ተራ እንደ ቀረበ ይሰማዋል። ግን ሐኪም እስካልነገረው ድረስ ያልታመመ ይመስለው ነበር።

በማግስቱ ሄዱ። ሐኪሟ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ረጋ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ባቡርን ሸሚዙን አስወልቃ ጀርባውን አዳመጠች፤ ከዚያ መጠየቅ ጀመረች። እትዬ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች።

«በቀን ምን ያህል ያጨሳሉ?»

«ጥቂት ነው... አምስት ቢሆን ነው።»

«ዋሸ» አለች እትዬ።

«ማለቴ፣ አንዳንዴ አንድ ፓኮ...»

«አሁንም ዋሸ። ዶክተር፣ ይኼ ልጅ በልጅነቱም እንዲሁ ነው፤ ስኳር ልሶ አፉ ነጭ ሆኖ አልላስኩም ይል ነበር።»

ሐኪሟ ሳቀች። ባቡርም ሳቀ። እትዬ ራሷም ሳቀችና ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳለች፣ ሳለች፤ ሲበቃት መሐረቡን ቶሎ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀምጣ ስታያት ቆየች።

«እርስዎስ? ይህ ሳል ከጀመረዎት ቆየ?»

«የኔ የጋጋሪ ሳል ነው። እኔ እሱን ነው ያመጣሁት፤ እሱን ይዩልኝ።»

«እሱንማ እያየሁት ነው። መሐረብዎን ያሳዩኝ እስቲ።»

እትዬ አንገራገረች። ከዚያ አወጣችው። መሐረቡ ላይ እንደ ቀይ ክር ያለ የደም መስመር ነበረበት።

«ክብደትዎስ? ቀንሰዋል?»

እትዬ መልስ ከመስጠቷ በፊት ባቡር ፊቱ ተለዋወጠ። በዚያ ዓመት የእህቱን ቀሚሶች ሁለት ጊዜ አጥብቧል። ሁለት ጊዜ! ጎኗ ላይ ሜትሩን ጠምጥሞ፣ ስፌቱን ፈትቶ፣ እንደገና ሰፍቶ፣ «እትዬ እንደ ልጃገረድ ምጥን አልሽ፣ አማች ልታመጭብን ነው መሰል» ብሎ ቀልዶባታል። የሰውን ትከሻ በዓይኑ ብቻ ለክቶ ኮት የሚቆርጥ ሰው፣ ገላዋ ከእጁ ሥር ሲያልቅ አላየም።

«ቀንሳለች» አለ።

ሁለቱም ራጅ ተነሡ። ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሟ ሁለቱን ፊልሞች ጎን ለጎን ብርሃኑ ላይ ሰቀለቻቸው። የባቡር ሳንባ ክፉኛ ተጎድቷል፤ የትንፋሽ ቧንቧዎቹ ቆስለዋል፤ ግን እብጠት አይታይበትም። በእትዬ ሳንባ ላይ፣ በቀኝ በኩል ከላይ፣ ድብልብል ያለ ነጭ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው መመላለስ ነው። ሌላ ምርመራ፣ በጉሮሮ በኩል ቱቦ አስገብተው ናሙና መውሰድ፣ ውጤት መጠበቅ። እትዬ በእነዚያ ሁሉ ቀናት ሥራ አልቀረችም። ባቡር ግን የሙሽራውን ኮት እጅጌ አሳጥሮ ቆርጦ አበላሸው። ሙሽራው እውነትም ከጓደኛው ተዋሰ።

በመጨረሻ ሐኪሟ ሁለቱንም አስቀምጣ ነገረቻቸው። ካንሰር ነው። ከሳንባዋ አልፎ አጥንቷ ላይ ደርሷል። በቀዶ ጥገና የሚወጣ አይደለም፤ የሚያዘገየው መድኃኒት ግን አለ። እትዬ ራሷን እየነቀነቀች ሰማች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ልጅቷ ትምህርቷን እስክትጨርስ እደርሳለሁ?» ሐኪሟ «ለዚያ እንሞክራለን» አለቻት።

ባቡር ግን መቀመጥ አልቻለም።

«ዶክተር፣ ስሕተት ይኖራል። የሚያጨሰው እኔ ነኝ። ፊልሞቹ ተለዋውጠው እንደሆነስ?»

«አልተለዋወጡም።»

«እሷ እኮ አንድ ቀን እንኳ ሲጋራ ይዛ አታውቅም!»

«ይገባኛል» አለች ሐኪሟ። «ሲጋራ ዋነኛው መንስኤ ነው። ግን የሚታመመው የሚያጨሰው ሰው ብቻ አይደለም። በዝግ ቤት ውስጥ የሌላውን ሰው ጭስ መተንፈስም፣ የእንጨት ጭስም፣ የናፍጣ ጭስም ሳንባን ለዚህ ያጋልጣሉ። እህትዎ ሁሉም ነበረባቸው። ከእነዚህ አንዱም ሳይነካው የሚታመም ሰው ደግሞ አለ።»

«የትኛው ነው ታዲያ? የምድጃው ነው? የመኪናው ነው?» ባቡር ቃሉን ለማውጣት ታገለ። «የኔ ነው?»

«ለይቶ ማወቅ አይቻልም።»

«ነው ይበሉኝ። ወይ ደግሞ አይደለም ይበሉኝ። አንዱን ይበሉኝና ልወቀው።»

«የትኛውንም ብል እዋሽዎታለሁ።»

እትዬ ቦርሳዋን አንሥታ ቆመች። «ተነሥ እንሂድ» አለችው። «ዶክተርን ዳኛ አታድርጋቸው። ሐኪም ናቸው።»

ሲወጡ ሐኪሟ ባቡርን በሩ ላይ አስቆመችው። የሱ ፊልም ዛሬ ንጹሕ መሆኑ ለነገ ዋስትና እንደማይሆን፣ ሲጋራውን ቢያቆም ግን አደጋው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ እንደሚሄድ፣ ለማቆም የሚያግዝ መድኃኒትም እንዳለ ነገረችው። የሰማት አይመስልም ነበር።

ያን ቀን ቤት እንደገባ ያለውን ሲጋራ ሁሉ ሰብስቦ ሰባበረው፤ መተርኮሻውንም አውጥቶ ጣለው። የስፌት መኪናውን ብቻውን እየጎተተ ከደጅ ጣራ ሥር አወጣው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ውስጥ ተቀምጦ አልሰፋም። እነዚህ ጥሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያደረገው ግን እትዬን አስመረራት። ሥራውን ትቶ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያታል፤ ያለቅሳል። እህል አይቀምስም። ስትነቃ «ምን ላድርግልሽ?» ይላታል፤ ስትተኛ አፍንጫዋ ሥር እጁን አድርጎ ትንፋሽዋን ይፈትሻል። ሊጠይቋት የመጡ ጎረቤቶች አንድ ቀን ከደጅ ሲንሾካሾኩ ሁለቱም ሰሙ። «አሁን አቆምኩ አለ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!»

ባቡር አንገቱን ደፋ። እትዬ ግን ከትራሷ ቀና አለች።

«ጅቡ ገና አልሄደም» አለች፤ እነሱም እንዲሰሟት ጮክ ብላ። «እሱም አለ፣ ልጁም አለች፤ ጅቡም እነሱን እያየ እዚሁ ቆሟል።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስማኝ። የቀረኝ ትንፋሽ ትንሽ ነው። አንተን ለማባበል አላወጣውም። ማልቀስ ካማረህ ደጅ ወጥተህ አልቅስ፤ ሲበቃህ ግባና ሾርባ አሙቅልኝ።»

ደጅ ወጣ። ቆይቶ ገባና ሾርባውን አሞቀ። ትንሽ አሳረረው፤ እሷም ምንም ሳትል ጠጣችው።

ሲጋራው ግን እንደ መተርኮሻው በአንድ ቀን የሚጣል አልሆነም። ጣቶቹ ባዶ ሆነው የሚይዙት ያጣሉ፣ ነገር ሁሉ ያናድደዋል፣ የሚያውቀውን ስፌት ይስታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክር ልግዛ ብሎ ወጣና ከሱቁ ጀርባ ቆሞ አንድ አጨሰ። አፉን ተጉመጥምጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ተመለሰ። እትዬ ገና ወደ አልጋው ሲጠጋ አወቀችው። እሱም ማወቋን አወቀ።

«አንድ ብቻ ናት» አለ።

እንደምትጮኽበት ጠብቆ ነበር። አልጮኸችም።

«አንተ ያቆምከው ለኔ ብለህ ነው» አለችው። «እሱ ነው ስሕተቱ። እኔ ስሄድ ምክንያትህ አብሮኝ ይቀበራል፤ ከቀብር መልስ ትለኩሳለህ። ለራስህ ማቆም ትችል እንደሆነ እስቲ አስብበት። ደግሞ ብቻህን አትታገል፣ ሐኪሟ የሚያግዝ መድኃኒት አለ ብላህ አልነበር? የሰማሃት አልመሰለኝም፤ እኔ ግን ሰምቻለሁ።»

በማግስቱ ብቻውን ወደ ሐኪሟ ሄደ። የሚታኘክ ማስቲካና የሚለጠፍ ነገር ተሰጠው፤ ሳምንት ሳምንት እየሄደ ሌሎች ለማቆም ከሚታገሉ ሰዎች ጋር መቀመጥም ጀመረ። ከዚያ በኋላም ወድቋል። ግን በወደቀ ጊዜ መጥቶ ይነግራታል፤ አይደብቃትም። የመውደቁም ጊዜ እየተራራቀ ሄዶ አንድ ቀን ቆመ።

እትዬ የመጀመሪያውን ዙር መድኃኒት ስትጨርስ ፀጉሯ ረገፈ፤ ግን ጉልበቷ ትንሽ ተመለሰላት። አንድ ማለዳ ሚጡን ቀስቅሳ ልብሷን አለበሰቻት ማለት ይቻላል፤ ያን ያህል ቸኩላ ነበር።

«ወዴት ነው እትዬ?»

«ዳቦ ቤት። ሥራዬን ሳልሰናበት ነው የቀረሁት።»

ሚጡ ክንዷን ይዛ ወሰደቻት። ጋጋሪዎቹ ሲያዩዋት አካፋቸውን እየጣሉ ወጥተው አቀፏት። ከሁሉም ጋር ስትስቅ ቆየች። ወደ ምድጃው ክፍል ልትገባ ስትል ግን ጭሱ ደፉ ላይ ተቀበላትና አስቆማት። ያን ሁሉ ዓመት የገባችበትን በር ማለፍ አቃታት። ግድግዳውን ተደግፋ እስክትረጋጋ ጠበቋት።

የዳቦ ቤቱ ባለቤት ድምፅ ሰምቶ ከመሸጫው በኩል መጣ። ዳቦ ቤቱን ከአባቱ የወረሰ ጎልማሳ ነው፤ እትዬ ልጅ ሆኖ ዱቄት ላይ ሲንከባለል ታውቀዋለች።

«እትዬ! ምነው ተነሡ? እኛ ልንጠይቅዎት ስናስብ...»

«እኔ ልጠይቅህ መጣሁ። የጭስ ማውጫው መቼ ነው የሚከፈተው?»

ሰውየው ዓይኑን ወደ ጣራው ላከ። «እሱማ ለጊዜው ተብሎ እኮ...»

«ለጊዜው የተባለ ጊዜ አባትህ በሕይወት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ጣራውን ለማፍረስ ምድጃውን ማጥፋት ሊያስፈልግ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳምንት ይፈጃል። ደንበኛ ሳምንት ከራቀ ሌላ ቤት ይለምዳል።» ቆም አለና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። «ሐኪሟ... ከምድጃው ነው አለችዎት እንዴ?»

«አላለችም። ከምን እንደሆነ አይታወቅም ነው ያለችኝ። ልከስህ አልመጣሁም። ጭሱ ሳንባ እንደሚጎዳ ግን ይታወቃል፤ የማይታወቀውን ትተን የሚታወቀውን እናድርግ።»

ከጋጋሪዎቹ መሐል መለሎ የሚሏት ረጅም ሴት ሻሿን ከአፏ ዝቅ አደረገች። «እትዬ ሙች ልንገርሽ፣ ሞት እንደሆነ በጭስም ያለ ጭስም አይቀርም» አለች።

«አይቀርም» አለች እትዬ። «መንገዱን ግን እኛ መጥረግ የለብንም።»

 ከዚያ ነፍሰ ጡር የነበረች አንዲት ወጣት ጋጋሪ ሽርጧን ፈታች፤ አጣጥፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችና መጥታ እትዬ አጠገብ ቆመች። ምንም አልተናገረችም። ቀጥሎ አንዷ መጣች፤ ቀጥሎ ሌላዋ። መለሎ የመጨረሻዋ ነበረች፤ እያጉረመረመችም ቢሆን መጣች። ምድጃው ክፍል ውስጥ ሰው አልቀረም።

ባለቤቱ አንዷን አየ፣ ሌላዋን አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት የሚያርር ዳቦ ሽታ መጣ። ምድጃው ሙሉ ነበር። «ዳቦው!» አለ። የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ዘሎ ገባና ራሱ አካፋውን አነሣ። ለረጅም ጊዜ አልወጣም። ከውስጥ የሚሰማው የአካፋው መንኳኳትና ሳሉ ነው። ሲወጣ ዓይኖቹ እንባ ብቻ ሆነዋል፤ ሸሚዙ ላይ ጥላሸት ወርዶበታል። አንድ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠና በክንዱ ፊቱን ጠረገ። ዳቦው ግማሹ ከሰል ሆኗል።

እትዬ መሐረቧን አውጥታ ሰጠችው።

ብዙ ቆይቶ፣ ማንንም ሳያይ፣ «ጣራ የሚሠራ ሰው ታውቃላችሁ?» አለ።

የጭስ ማውጫው ተከፈተ፤ ከፍ ብሎም ተሠራ። ጭሱ ጨርሶ አልጠፋም፤ እንጨት እስከ ነደደ ድረስ አይጠፋም። ግን ሴቶቹ ሻሻቸውን ከአፋቸው ፈቱ። መለሎ እትዬን ልትጠይቅ ስትመጣ፣ «ጉድ እኮ ነው እትዬ፣ አሁን ፊታቸውን አየሁት። ለካ እንዲህ አስቀያሚ ሴቶች ጋር ነው ስሠራ የኖርኩት!» አለቻት። እትዬ ጎኗን ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ አሳመማት፤ ግን ደግማ እንድታወራላት ጠየቀቻት።

ሚጡ ትምህርቷን ጨረሰች። እትዬ ደረሰችላት። ባቡር የሰፋላትን ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷ ላይ ሻሽ አስራ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አጨበጨበች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቁልቁል ሆነ። ጋደም ብላ መተንፈስ ስላቃታት ባቡር ከወፍራም ጨርቅ ከፍ ያለ ትራስ ሰፋላት። ከጎኗ ሆኖ ላቧን ይጠርጋል፤ መድኃኒቷን ይሰጣታል። ማልቀሱን ትቷል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ፀጥ ብሎ ሁለቱ ብቻ ሳሉ፣ ለወራት ሆዱ ውስጥ የያዘውን አወጣው።

«እትዬ፣ ይቅር በይኝ።»

እሱ የጠበቀው «ምን አድርገህ ነው ይቅር የምልህ» እንድትለው ነበር። እሷ ግን ትራሱን ተደግፋ ቀና አለች።

«ተቆጥቼብህ ነበር» አለችው። «እንዳልዋሽህ፣ በጣም ነበር የተቆጣሁት። ስለ ሲጋራው ብቻ አይደለም። በሩን ክፈት፣ በሩን ክፈት፣ ስንት ዓመት ለመንኩህ? በር መክፈት ምን ያቅታል? ማታ ማታ ይኼንን ሳስብ ጠልቼህ አውቃለሁ።»

ባቡር ቀና ብሎ አያት። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነበር።

«እኔስ?» ቀጠለች። «ጭሱ እንደሚያሳምመኝ ሰውነቴ እየነገረኝ የጋጋሪ ሳል ነው ስል ኖርኩ። ሐኪም ቤት እንዳልሄድ ያሰረኝ ነገር አልነበረም። እኔም ራሴን አልሰማሁም። እና ይቅር ብዬሃለሁ። ስለጠየቅከኝ ሳይሆን፣ ልቤ ይቅርታው ላይ እስኪደርስ ጠብቄ ነው ያልኩህ። አሁን ደርሷል።»

እጇን አንሥታ ራሱ ላይ አደረገች፤ ልጅ ሳለ ራሱን ስታበጥር እንደምታደርገው። እሱ በጉልበቱ እንደተንበረከከ ሳይንቀሳቀስ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ትንፋሿ ሲከብድ ሐኪም ቤት አስገቧት፤ በኦክስጅን ጥቂት ቀናት ቆየች። የሞተች ዕለት ሚጡ በቀኟ፣ ባቡር በግራዋ ነበሩ። ሚጡ የአንድ መምህሯን አነጋገር እያስመሰለች ታወራላት ነበር። እትዬ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ እንዳለች ቀረች፤ ሁለቱም ወዲያው አላወቁም።

ከቀብር መልስ ያ የጥንት አጫሽ ወዳጅ ሁሉ ደጃፉ ላይ ተሰበሰበ። አንዱ፣ ለማጽናናት ብሎ፣ ፓኮውን ዘረጋለት። «እንካ ባቡር፣ የዛሬን እንኳ።» ባቡር እጁ ተነሥቶ ነበር፤ ራሱ አየው። መለሰው። «እናንተ ከፈለጋችሁ ራቅ ብላችሁ አጭሱ» አለ። ራቅ አሉ።

ሐኪሟ በየዓመቱ እንዲታይ አዝዛው ነበርና ዓመቱ ሲደርስ ሚጡ አስታወሰችው። እምቢ የሚላት መስሏት ክርክሯን ሁሉ አዘጋጅታ ነበር፤ እሱ ግን ሸሚዙን ለብሶ ጠበቃት። ሐኪሟ አዲሱን ፊልም ከአሮጌው ጋር አስተያየች። ሳንባው እንደ ድሮው አይሆንም፤ ደረጃ ሲወጣ ማረፉ ይቀጥላል። ግን አዲስ ነገር የለም።

«ንጹሕ ነው» አለችው። «በዚሁ ይቀጥሉ።»

አመሰገናት። ከክፍሉ ወጥቶ በአገናኝ መንገዱ ላይ ትንሽ ከሄደ በኋላ ግን ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ዕንባ ወጥቶት አያውቅም ነበር። አሁን ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ።

ሚጡ ደነገጠች። «አባዬ! ምን አለችህ? ክፉ ነገር አለ?»

«የለም» አላት። «የለም፣ ደህና ነኝ። ደህና ነው ያለችኝ።»

«ንጹሕ መሆን የነበረበት የእትዬ ነበር።» ሚጡ ክንዱን ያዘችና እስኪረጋጋ ጠበቀችው፤ ከዚያ ደረጃውን በየመሐሉ እያረፉ አብረው ወረዱ።